የክቡር አባል አሸካከም

ኅዳር 3

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዳሉት ቀኖች ያለ ቀን። ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰው ተተራምሷል፤ አንዱ በጎን ይገባል፣ ሌላው በሰው ትከሻ ላይ እጁን ይዘረጋል። ታዲያ ይሄን እያየሁ ዝም ልበል?

"እርስዎ ወደ ኋላ! አንቺ እዚህ ጋ! ክንድ ያህል ተራራቁ!"

ደግነቱ ሰው ይታዘዛል። አንዲት እናት ሠራተኛ መስያቸው "ሁለት ትልልቅ አድርግልኝ ልጄ" ብለውኛል፤ እሱን አልፌዋለሁ። የኔ ተራ ሲደርስ ዳቦው አለቀ።

"ዳቦስ?" አለች ባለቤቴ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች።

"አልቋል። ሰልፉ ግን አማረ።"

መኪናዋን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። "ኮሎኔል" አለች። ስትናደድ ብቻ ነው በማዕረጌ የምትጠራኝ። "ኮሎኔል፣ እባክህ ሥራ ፈልግ።"

ምን ሥራ? ብርጌድ ያዘዘ ሰው ምን ተብሎ ሥራ ይፈልጋል?


ኅዳር 9

ስልክ። "ከአፈ ጉባኤው ቢሮ ነው" አለች አንዲት ሴት። ሳላስበው ከወንበሬ ተነስቻለሁ። "ክቡርነታቸው ለትልቅ ጉዳይ ይፈልጉዎታል።"

ለባለቤቴ "የመከላከያ አማካሪ ሊያደርጉኝ ነው" አልኳት።

"እንደዛ አሉህ?"

"ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?"

"ሂድና ስማ በመጀመሪያ።"

ሴት ልጅ መቼም በባሏ ሹመት አትደሰትም... ሙሉ ልብሴን ራሴ ተኮስኩት። እሷ መስመሩን ታጣምመዋለች።


ኅዳር 11

አፈ ጉባኤው አጭር ሰው ናቸው። ወንበራቸው ግን ረጅም ነው። እግራቸው መሬት ስለማይደርስ ከጠረጴዛው ሥር መረገጫ አለ፤ በጨርቅ ተሸፍኗል። አየሁት። ያላየሁ መሰልኩ።

ስላዘዝኩት ጦር ማውራት ጀመርኩ። አቋረጡኝ።

"ሰው መሸከም ትችላለህ?"

"ቁስለኛ ነው፣ ክቡር አፈ ጉባኤ?"

"የምክር ቤት አባል ነው።"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ሳቄን ዋጥኩት።

"ወታደር 'ለምን' አይልም ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው?"

"አይልም።"

"ጥሩ። እዚህ ቤት 'ለምን' የሚል አንድ ሰው አለን። ይበቃናል።"

እና እንዲህ ሆነ... የምክር ቤቱ የጥበቃ ኃላፊ። አማካሪ አይደለም። ግን "ኃላፊ" የሚል አለበት። በሩ ዝግ ሆኖ ሳለ "አንተ" ነበር የሚሉኝ፤ ጸሐፊዋ ሻይ ይዛ ስትገባ "እርስዎ" ሆንኩ፤ ስትወጣ ተመልሼ "አንተ"።


ኅዳር 16

የመጀመሪያ ቀን። ነጭ ጓንት፣ ትከሻ ላይ የወርቅ ገመድ፣ ጎኑ የሚያብረቀርቅ ሱሪ። ወገቡ ጠቦኝ ባለቤቴ ስታሰፋው አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ መሳቅ ጀመረች። ልትውጠው ነበር።

"ምን ያስቅሻል?"

"ምንም። ሆቴሉ ውስጥ በር የከፈተልን ሰውዬ ትዝ ብሎኝ ነው።"

ዋናው በር ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ክቡር አባል መጣ። ሰላምታ ሰጠሁ፣ ተረከዜን አጋጭቼ። የመኪና ቁልፍ እጄ ላይ አኖረ። "ጥላ ሥር አቁመው።" ቀጥላ አንዲት ክብርት የምትንጠባጠብ ጃንጥላዋን ሰጠችኝ። ከዛ ካፖርት። ከዛ ሌላ ካፖርት። እጄ ሞላ... በየትኛው እጄ ሰላምታ ልስጥ?

ምክትሌ መጣ። ሆዱ የሚቀድመው፣ በዚህ ቤት ያረጀ ሰው ነው። ካፖርቶቹን ተቀበለኝና "ይለመዳል ጌታዬ" አለ። የትኛውንም ነገር ብትነግረው መልሱ ይሄው ነው። ጣሪያው ያፈሳል ብትለው፣ ይለመዳል። ጠባቂዎቹ ስሙን "ይለመዳል" ብለውታል። እኔም ከዛሬ ጀምሮ።


ኅዳር 18

መፈተሻ ማሽኑን አስጠገንኩ። ማንም ሰው ሳይፈተሽ አያልፍም ብዬ አዘዝኩ። ጠዋት ሲገቡ ማሽኑ ጭጭ። ማታ ሲወጡ ጉድ ፈላ! ጩኸት በጩኸት። አንዱን ወፍራም ክቡር አባል አስቆምኩ።

"ክቡርነትዎ፣ ኪስዎን ቢያሳዩኝ?"

"ያለመከሰስ መብት አለኝ።"

"ኪስዎም?"

"ኪሴም!"

ተቆጥቶ ሲወራጭ ከኪሱ ወደቀ። የሻይ ማንኪያ። የምክር ቤቱ የሻይ ክፍል ማንኪያ። የሻይ ክፍሏ ሴትዮ ከጀርባዬ "አገኘኋችሁ!" ብላ ጮኸች።

አፈ ጉባኤው ወዲያው አስጠሩኝ። ማሽኑ የምክር ቤቱን ክብር ይነካል ተባለ። ከነገ ጀምሮ ሕዝብ በሚገባበት በር ይተከል። ለሕዝብ ብቻ።

ይለመዳልን አየሁት። አፉን ሊከፍት ሲል "አውቄዋለሁ" አልኩት።


ኅዳር 24

ዛሬ ተሸከምኩ።

ሰውየው ከተቃዋሚ ወገን ነው። የቀድሞ አስተማሪ፣ ቀጭን ሽማግሌ፣ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ። ንግግሩን ሁልጊዜ "ለምን" ብሎ ስለሚጀምር ቤቱ በሙሉ "ለምንዬ" ነው የሚለው። ተነሳና "ለምን..." አለ። አፈ ጉባኤው "ጊዜዎ አልቋል" አሉ። "ለምን አለቀ?" አለ። አዳራሹ ሳቀ። አፈ ጉባኤው በንዴት ቀሉ።

"ኮሎኔል!"

ሄድኩ። ከወንበሩ አነሳሁት። ቀላል ነው... የልጅ ያህል። አንድ እጅ ከጉልበቱ ሥር፣ አንድ እጅ ከጀርባው። እንደ ሙሽራ ይዤው በመሃል መተላለፊያ ወጣሁ። አልተንፈራገጠም። መጠየቁን ግን አላቆመም፤ ኮሪደሩን ሁሉ እየተናገረ ነው የወጣው። ምን እንደሚል? እኔ እንጃ። ወታደር የሚሰማው ትእዛዝ ነው።

አግዳሚው ላይ ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩት። ኮቱን አስተካከለ። "አመሰግናለሁ ኮሎኔል" አለ። "ደረጃው ላይ ግን አትዝለል፤ ያንገጫግጨኛል።"

አፈ ጉባኤው ማታ ትከሻዬን መቱኝ። ለመምታት ወንበራቸው ላይ መቆም ነበረባቸው።


ታኅሣሥ 2

ደግሞ። አሁንማ ተግባብተናል። "ኮሎኔል!" ሲባል መነጽሩን አውልቆ ደረት ኪሱ ይከተዋል፣ እጆቹን ከፍ ያደርግልኛል።

"ዛሬ በግራ በኩል ያዘኝ" አለኝ ጆሮዬ ሥር። "ካሜራው በዛ ነው ያለው፤ ባለፈው ራሰ በራዬ ነው የታየው።"

ለጠባቂዎቹ ሥልጠና ሰጠሁ። ርእሱ፦ የክቡር አባል አሸካከም። ክራባት አይጎተትም። ጫማ ቢወድቅ ይለቀማል። ሲጠይቅ አይመለስለትም። ለመለማመጃ ይለመዳልን ክቡር አባል አድርጌ አስቀመጥኩት። ሊያነሱት አልቻሉም። እሱ ደግሞ ወንበሩ ላይ እንዳለ አንቀላፋ። ሳስበው፣ ከሁሉም በላይ ክቡር አባል የመሰለው ያኔ ነው።

ሰው ያውቀኝ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ "አንተ ተሸካሚው አይደለህ?" አለኝ። ኃላፊ ነኝ አልኩት።


ታኅሣሥ 9

ልጄ ምሳ ልትበላ መጣች። ጠበቃ ናት፤ ፍርድ ቤት ውላ ስትመጣ ድምጿ ሳይበርድ ነው የምትመጣው።

"አባዬ፣ በቴሌቪዥን አየሁህ።"

"እንዴት ነኝ?"

"ሰውየው ምን እያለ ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"እንዴት አታውቅም? እቅፍህ ውስጥ እኮ ነው ያለው! አፉ ጆሮህ ላይ ነው!"

ሥራዬን እየሠራሁ ነው አልኳት። ጥበቃ መስማት አይደለም አልኳት። እናቷ ሾርባ ጨምሪ አለቻት። አልጨመረችም። ቦርሳዋን አንስታ፣ እናቷን ስማ፣ እኔን... ጉንጬን እንደ ማኅተም መታ አድርጋ ወጣች።

"ደንበኞቿን ነው እንዲህ የምትጮኽባቸው?" አልኩ።

"የለም" አለች ባለቤቴ። "የደንበኞቿን ጠላቶች ነው።"


ታኅሣሥ 14

ሬዲዮ የምንለውን ሰው ልጠይቅ ሄድኩ። የጦር ሜዳ የመገናኛ ሠራተኛዬ ነበር፤ መሣሪያውን ከነክብደቱ ተሸክሞ ተራራ ለተራራ ሲከተለኝ የኖረ። ፈንጂ ሁለት እግሩን ወሰደው። ያለው የጦር ጉዳተኞች መኖሪያ ቤት ነው፣ ከእሱ ብጤዎች ጋር። ዳቦና ብርቱካን ይዤ ገባሁ።

ሁሉም በትልቁ ክፍል ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል። ስገባ ወሬው ቆመ። ሰላምታዬን የመለሰ የለም። አንድ ዓይኑ የጠፋ ሃምሳ አለቃ ተሽከርካሪ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝ።

"ምን ሆናችሁ?" አልኩ ለሬዲዮ።

"ለምንዬን ተሸክመው ሲወጡ አየንዎት ጌታዬ።"

"ሥራ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ፣ ሥራ ነው።" ብርቱካኑን ይልጣል፣ አያየኝም። "ስለ እኛ ነበር የሚጠይቀው።"

"ስለ እናንተ ምን?"

"ይሄ ቤት ይሸጥ የሚል አዋጅ ቀርቧል። ሆቴል ሊሠራበት ነው። 'ለምን ይሸጣል? ሰዎቹስ የት ይግቡ?' ነው የሚለው። ሦስቴም አራቴም ጠየቀ። ትንሽ ቢቆይ መልሱን እንሰማ ነበር..." ከብርቱካኑ ገምሶ ሰጠኝ። "ግን ደህና አድርገው ነው የሚይዙት። አልጣሉትም። እኔንም ያን ቀን እንደዛው ነበር የያዙኝ።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ብርቱካኑን በላሁና ወጣሁ።


ታኅሣሥ 16

አፈ ጉባኤው ቢሮ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። "አንተ" ለመባል ተዘጋጅቼ።

"የጉዳተኞቹ ቤት ይሸጣል እንዴ፣ ክቡር አፈ ጉባኤ?"

"አይሸጥም። ይዛወራል።"

"ሰዎቹስ?"

"እነሱም ይዛወራሉ።"

"ወዴት?"

"በጥናት ላይ ነው።" እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ኮሎኔል፣ አንተም 'ለምን' ማለት ጀመርክ?"

"'ለምን' አላልኩም። 'ወዴት' ነው ያልኩት።"

ከጠረጴዛው ሥር መረገጫው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

"ከነገ ወዲያ ድምፅ ይሰጥበታል። ሰውየው አፉን እንደከፈተ፣ ሳይጨርስ ውጭ። ተግባባን?"

"ተግባብተናል" አልኩ። አፌ ነው ያለው። አፌ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዛ ነው የለመደው።


ታኅሣሥ 17

ምሳ አልበላሁም። ባለቤቴ ምክንያቱን አልጠየቀችም። ከሬዲዮ ሚስት ሰምታለች መሰለኝ።

"አንተ" አለችኝ የሰው ቀሚስ እየተረተረች። "ትእዛዝ እምቢ ብለህ ታውቃለህ?"

"በጭራሽ።"

"እኔን ግን እምቢ ትለኛለህ።"

"አንቺ አዛዥ አይደለሽማ።"

"እስቲ ድገመው?"

አልደገምኩትም።


ታኅሣሥ 18

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት የሕዝብ በር ላይ ሁካታ ሰማሁ። ስወርድ፣ ጉዳተኞቹ ናቸው። ሬዲዮ፣ ሃምሳ አለቃው፣ ሌሎቹም፤ ወንበር በወንበር ተያይዘው መጥተዋል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው አይደል? ማሽኑ ግን አላሳልፍ አለ። ሬዲዮ ሲያልፍ ጮኸ። ጠባቂው "ኪስህን አሳይ" አለው።

"ኪሴ አይደለም ወንድሜ፣ ጎኔ ነው። ፍንጣሪው አልወጣልኝም።"

ሃምሳ አለቃው አለፈ። ጮኸ። ትከሻው። ቀጣዩ አለፈ። ጮኸ። የራስ ቅሉ። ጠባቂው መጠየቁን ተወ። እጁን አንስቶ ሰላምታ እየሰጠ ማሳለፍ ጀመረ። ማንም አላዘዘውም።

የዕቃ ማመላለሻውን አሳንሰር አስከፈትኩላቸው። ሰገነቱ ላይ ወጥተው ተደረደሩ።

ስብሰባው ተጀመረ። አዋጁ በጥድፊያ ተነበበ። አፈ ጉባኤው ቀና ብለው ሰገነቱን አዩ፣ ወዲያው ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። "ጥያቄ ከሌለ..." ሲሉ ለምንዬ ተነሳ።

"ለምን..."

"ኮሎኔል!"

እግሬ ተነሳ። እግሬ የኔ አይደለም፣ የትእዛዝ ነው። ወንበሩ አጠገብ ደረስኩ። እሱም እንደልማዱ መነጽሩን ኪሱ ከተተና እጆቹን አነሳልኝ። እቀፉኝ እንደሚል ሕፃን... አንጀቴን በላው። ሰገነቱን ላለማየት ጣርኩ። አየሁት። ሬዲዮ ፊቱን አዙሯል። እንዳላፍር ብሎ።

"ክቡር አፈ ጉባኤ" አልኩ። ድምፄ እንደ ድሮው በአዳራሹ አስተጋባ። "አልቻልኩም።"

"ምን አልክ... ምን አሉ?"

"ወገቤን አሞኛል።"

ከዚህ የተሻለ የጀግና ቃል ነበር። ብርጌድ ፊት ስንት ነገር የተናገርኩ ሰው ነኝ። የመጣልኝ ግን ወገብ ነው።

"እሱ እኮ ላባ ነው!" አሉ አፈ ጉባኤው።

"ዛሬ ከብዷል።"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን መቱ። "ምክትሉ! ምክትሉ ያውጣው!"

ይለመዳል ሆዱን አስቀድሞ መጣ። እኔን አየኝ። ሰገነቱን አየ። ለምንዬን አየ። ከዛ ቀስ ብሎ እጁን ወገቡ ላይ አሳረፈ።

"እኔንም ክቡር አፈ ጉባኤ።"

"አንተንም?!"

"ከጠዋት ጀምሮ። ይለመድልኛል ብዬ ነበር... አልለመድ አለኝ።"

ከበሩ አንድ ጠባቂ ተጠራ። አነከሰ። ሌላው ተጠራ፤ ግድግዳ ተደግፎ አቃሰተ። የምክር ቤቱ ጥበቃ በሙሉ፣ ከኃላፊው እስከ በረኛው፣ በአንዴ ሽባ ሆነ። ያሠለጠንኳቸው ሰዎች! በሕይወቴ እንዲህ የተቀናጀ ጦር መርቼ አላውቅም።

ለምንዬ እጆቹ እንደተነሱ ናቸው። "እንግዲያው... ልጨርስ?" አለ፣ ግራ ገብቶት። ጨርሶ አያውቅማ! መነጽሩን ፈልጎ አደረገ።

"ለምን ይሸጣል? ሰዎቹ የት ይግቡ? ይኸው እላያችን ላይ ተቀምጠዋል። ለኔ ሳይሆን ለእነሱ መልሱላቸው።"

ተቀመጠ። ይሄው ነበር። ይቺን ታህል ጥያቄ ነው እኔ ሳምንታት ሙሉ ከአዳራሽ ኮሪደር ስሸከም የከረምኩት?

ማንም መልስ አላዘጋጀም፤ እሱ ሁልጊዜ ከመጨረሱ በፊት ይወጣ ነበር። ካሜራው ወደ ሰገነቱ ዞረ። ካሜራው ሲዞር የክቡራኑም ፊት ዞረ። "የምትደግፉ" ሲባል አንድ ሁለት እጅ ብድግ አለ፣ ዙሪያውን አየ፣ ፀጉሩን እንደሚያክ ሆኖ ወረደ። "የምትቃወሙ" ሲባል አዳራሹ ጫካ ሆነ። አፈ ጉባኤው ጫካውን ተመለከቱና የራሳቸውንም እጅ ተከሉበት። ባለማንኪያው ሁለቱን።

ማታ በዜና፣ አፈ ጉባኤው ሬዲዮን አቅፈው ታዩ። "ዕድሜዬን በሙሉ የጉዳተኞች ወገን ነኝ" አሉ። እንባም ነበር። ሬዲዮ ከእቅፉ ውስጥ ሆኖ ካሜራውን ያያል፤ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሷል።


ታኅሣሥ 19

እስከ ዛሬ የጻፍኩትን አነበብኩ። ሽማግሌውን "እሱ" እያልኩ ነው የጻፍኩት። አባቴን የሚያህሉ ሰው።

ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው።


ታኅሣሥ 22

ወደ ሐኪም ተላክሁ። በአፈ ጉባኤው ትእዛዝ ወገቤ ሊመረመር። አልጋው ላይ በሆዴ ተኛሁ። ሐኪሙ ጀርባዬን ጫን፣ ጫን።

"ያምዎታል?"

አስቸጋሪ ጥያቄ። ያመኛል ብል ለሥራው አልሆንም። አያመኝም ብል ዋሽቻለሁ። ሁለቱም በር ወደ ውጭ ነው።

"እንደ አነሳሱ ነው" አልኩ።

ሐኪሙ ሳቀ። እሱም ቴሌቪዥን ያያል። "መሸከም አይችሉም" ብሎ ጻፈ።

"ምንም ነገር?"

"ክቡራን አባላትን።"

ለይለመዳልና ለሌሎቹ የሚቀባ መድኃኒት ታዘዘ። ሁሉንም ቢያባርሩ ካፖርት የሚይዝ የለም።


ታኅሣሥ 26

ልብሱን መለስኩ። ኮሪደሩ ላይ ሽማግሌው ጠበቁኝ፣ እዛችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው።

"እንግዲህ እኔን ማን ይሸከመኛል?" አሉ።

"አዲስ ሻለቃ ይመጣል አሉ። ጎበዝ ነው።"

"ጎበዝ አልወድም። ይጥለኛል።" እጄን ያዙ፣ ቶሎም አልለቀቁ። "ተቆጭተሃል?"

"በልብሱ ትንሽ። ወገቡን ባለቤቴ አስፍታልኝ ነበር።"

ቤት ስደርስ ልጄ ማድ ቤት ቆማለች። ሳትደውል ነው የመጣችው። ስለ ምንም አላነሳችም። ሾርባ ቀዳችልኝ፣ ዳቦ ቆረሰችልኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ፊቷ የፍርድ ቤት ፊት ነው።

"አባዬ፣ ወገብህ እንዴት ነው?"

"እየተሻለኝ ነው።"

"ደግ። በርታ።"

መጀመሪያ በሳቅ የፈረሰችው እሷ ናት። ከዛ እኔ። እናቷ "ምን ሆናችሁ?" እያለች እስክትመጣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተን ነበር።


ጥር 6

ሬዲዮ ደወለ። የቤቱ አስተዳዳሪ ለቋል፤ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ሰው ሊመርጡ ነው። "ይወዳደሩ ጌታዬ።"

"ከማን ጋር?"

"ከምግብ አብሳዩ ጋር። ጠንካራ ተፎካካሪ ነው፣ ሰው ይወደዋል።"

ሄድኩ። ፊታቸው ቆምኩ። በሕይወቴ ስሾም ኖርኩ እንጂ ተመርጬ አላውቅም፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። የጦር ሜዳ ንግግር ጀመርኩ። ሃምሳ አለቃው አቋረጠኝ።

"እሱን ተወው። ስንናገር ትሰማለህ?"

"እሰማለሁ" አልኩ።

"ሌላ ጥያቄ የለኝም።"

በጥቂት እጅ አሸነፍኩ። አብሳዩ ሦስት ቀን ጨው የሌለው ሾርባ አበላኝ።


ጥር 20

ዛሬ አጠቃላይ ስብሰባ። ሐሳብ አቀረብኩ፦ ቤቱ ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ጎህ ሲቀድ ይነሳ፣ ግቢው ውስጥ የጋራ ስፖርት ይሥራ። ጥሩ ሐሳብ ነው። አሁንም ጥሩ ሐሳብ ነው።

ጉድ ፈላ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ። "ከዚህ በላይ ምን ቀረን!" የሚል አለ፣ "አብሳዩን ብንመርጥ ኖሮ" የሚል አለ። ድሮ ቢሆን አንድ ቃል ነበር የምናገረው፣ ዝንብም አትበርም። ዛሬ ተራ ሰጠሁ። እስከ መጨረሻው ሰማሁ። አንዳንዱ ነገር ሰሚውን ያማል... ግን ሰማሁ።

ከዛ እጅ ቆጠርኩ። የሚደግፍ፦ የኔ እጅ። የሚቃወም፦ የቀረው ሁሉ። ሬዲዮ ሁለት እጁን አውጥቷል።

"አንድ ሰው አንድ እጅ ነው" አልኩት።

"አንዱ የራሴ ነው ጌታዬ። ሁለተኛው ስለ እግሮቼ ነው። እነሱም ስፖርት አይፈልጉም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምን ላድርግ? ተሸነፍኩ። ብርጌድ ያዘዝኩ ሰው፣ የራሴን አንድ ድምፅ ብቻ ይዤ ተሸነፍኩ። ሐሳቡ ወድቋል ብዬ በራሴ አፍ አስታወቅሁ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ደወልኩ። "ክርክር አስተምሪኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሜ አቀርበዋለሁ።"

ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ።

"አልችልም አባዬ። ሬዲዮ ቀድሞህ ደውሎልኛል። የነሱ ጠበቃ ነኝ።"

የገዛ ልጄን! ባለቤቴን "ሰማሽ?" አልኳት። ሰምታለች። የማን ወገን እንደሆነች አልጠየቅኋትም።

ሰዓቱን ትንሽ ባሻሽለው... ጎህ ሲቀድ መሆኑ ቀርቶ ከቁርስ በኋላ ቢሆንስ? ያኔ አብሳዩ እንኳ እጁን ያወጣልኝ ይሆናል።